ቀልድና የከተማ ስም፦ ከአቀስታ እስከ ካሴት

የአማርኛ ቀልድ ታሪክ በተነሣ ቁጥር አለቃ ገብረ ሐና ይቀድማሉ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከፎገራ የተነሡት እኒህ ሊቅ በጎንደርም በምኒልክ ግቢም በዝማሜያቸውና በጨዋታቸው የታወቁ ናቸው። ይሁን እንጂ ባለቤቱ ያልታወቀ ቀልድ ሁሉ በስማቸው መነገሩ የየአገሩን ጨዋታ ከነመወለጃው ሰውሮታል።

መወለጃው ብዙ ጊዜ የቦታ ስም ነው። የደቡብ ወሎን ምዕራባዊ ደጋ እንውሰድ። መካነ ሰላም በግዕዝ የሰላም ቦታ ማለት ነው፤ እዚያ ሁለት ጎረቤታሞች በወሰን ተካሰው ችሎት ቢቆሙ ስሙ ሰም፣ ክርክሩ ወርቅ ይሆናል። አቀስታም ከእስክስታ ጋር ቤት ይመታል፤ የለጋምቦን ብርድ የቀመሰ ሰው ትከሻው በምን እንደሚንቀጠቀጥ አይጠየቅም። እንዲህ ያለው ቀልድ የአገሩን አየር ለማያውቅ አይፈታም።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. አለባቸው ተካንና ልመንህ ታደሰን የመሳሰሉ ቀልደኞች ጨዋታን በመድረክና በካሴት አስፋፉ። አድማጩ ከየአገሩ የተሰበሰበ በመሆኑ የቦታ ስም እንደ ልብ አያሥቅም፤ በዘመኑ የካሴት ቀልድ የባላገሩን ቅላጼ መኮረጅ የተዘወተረውም ከዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ልዩነቱ ግን ትንሽ አይደለም፦ በከተማው ስም የሚጫወት የአቀስታ ሰው በራሱ ይሥቃል፤ ቅላጼው ሲኮረጅ ይሣቅበታል። የቃል ጨዋታ የሚሰበስቡ ተማሪዎቻችን ከቀልዱ ጋር የተነገረበትን ገበያና የተናጋሪውን አገር ቢመዘግቡ፣ በአለቃ ስም ከሚነገረው ስንቱ የሌላ ሰው እንደ ሆነ መለየት ይጀመራል።