የወለቃ ሸክላና የስሙ ነገር

ባለፈው የበዓል ባዛር ጀበናዎቻችንን ደርድረን ስንቀመጥ፣ በግራም በቀኝም ያሉት ሁሉ ጀበና ሻጮች ነበሩ። አንድ እንግዳ ቀረበና «ይህ የቤተ እስራኤል ሴቶች ሥራ ነው?» ብሎ ጠየቀን። ከመካከላችን አንዷ ቶሎ ብላ «አዎ» አለች። ጀበናው ተሸጠ። ማታ ሒሳብ ስንዘጋ የተጨቃጨቅነው ግን በገንዘቡ አልነበረም። ውሸት ነበራ።

ነገሩ ከየት እንደመጣ ለአዳዲስ አባላትና ከሩቅ ሆናችሁ ለምትደግፉን ብናወሳው ይሻላል። ወለቃ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከከተማው ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቃ የምትገኝ መንደር ናት። በዚያ የኖሩት የቤተ እስራኤል ወንዶች ብረት ቀጥቃጭና ሸማኔ፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ርስት ስለተከለከሉ እንጀራቸው ከእጃቸው ሥራ ነበር። ገበሬው ማረሻውን፣ ሚስቱም እንስራዋንና ምጣዷን ከእነርሱ ትገዛለች፤ ዞር ሲሉ ደግሞ «ቡዳ» ይባላሉ። የእኛም አያቶች ከዚህ ንጹሕ አልነበሩም።

በዚያ ጊዜ አንዷን ሸክላ ሠሪ ከሌላዋ የሚለያት ሥራዋ ብቻ ነበር። አፈሩ ተወቅጦና ተነፍቶ፣ ከተፈጨ ገል ጋር ይቦካል። ያለ መንኮራኩር በእጅ ይሠራል፣ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፣ በደንብ ከደረቀ በኋላ በኩበትና በእንጨት ይተኮሳል። ገዢዋም በጣቷ መታ መታ አድርጋ ድምፁን ትሰማለች፤ ስንጥቅ ያለበት ወዲያው ያስታውቃል።

ኋላ ጀሪካንና የብረት ድስት መጡ። ጀሪካን አይሰበርም፣ ይቀላል፤ እንስራ በምን ይወዳደረው? የወለቃ ሴቶች ግን ሌላ ገዢ አገኙ። የፋሲል ግንብንና የሰሜን ተራሮችን ሊያይ የሚመጣው ቱሪስት ጋን ይዞ አውሮፕላን አይሳፈርም። መዳፍ የምታህል ምስል ግን በሻንጣ ትገባለች። እንስራ የተሸከመች ሴት፣ ቄስ፣ የዳዊት ኮከብ ያለበት አንበሳ፦ እነዚህን የትም ገበያ አያገኛቸውም፤ መሥራቿም ማን እንደሆነች ይናገራሉ። በእኛ ግምት ከጥበቡ እኩል የሸጣቸው ይህ ነው።

ከዚያ ሠሪዎቹ ሄዱ። በ1977 ዓ.ም. ብዙዎች በሱዳን በኩል ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ በ36 ሰዓት ገደማ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተጓዙ። ምስሎቹ ግን ከወለቃ ገበያ አልጠፉም። የቀሩት ጎረቤቶች ያንኑ አንበሳ፣ ያንኑ ኮከብ መሥራት ቀጠሉ። መንደሯም ለጎብኚ «የፈላሻ መንደር» እየተባለች ትተዋወቃለች፤ ባለቤቶቹ የማይወዱት ስም መሆኑ ሳይታሰብ።

ጎረቤቶቹን ሌባ ማለት አንፈልግም። ጭቃው ያው ጭቃ፣ ድካሙም የራሳቸው ነው፤ ከእኛ መካከል ሸክላ የሚሠሩትም ሙያውን የቀሰሙት ከእነዚሁ ሴቶች ነው። የቸገረን ስሙ ነው።

ከብዙ ክርክር በኋላ በየጀበናው አንገት ትንሽ ወረቀት ልናስር ተስማማን። የሠራችው አባል ስም፣ አፈሩ የተቆፈረበት ቦታ፣ አሠራሩም ከቤተ እስራኤል ሴቶች የተወረሰ መሆኑ ይጻፍበታል። ያቺ «አዎ» ያለችው እህታችን አሁንም አላመነችም፤ «ገበያ መሐል ቆሞ ወረቀት የሚያነብ ማን ነው?» ትለናለች። ለጥምቀት 40 ጀበና እያዘጋጀን ነው፤ ያኔ እናያለን።