የተራራ አጋዘን አደን፦ የትኛው ጠመንጃ? የትኛው ጥይት?

#ለጠቅላላ_ዕውቀት

አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ሕጋዊ የአጋዘን አደን አለ። ጊዜው በዋናነት በፈረንጆቹ ከሴፕቴምበር እስከ ኖቬምበር ነው። ዴንቨርና ኦሮራ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸው ከተሞች ስለሆኑ፣ ለማደን ለሚያስቡም ነገሩን ለማወቅ ብቻ ለሚፈልጉም ዋና ዋና ነጥቦቹን አሰባስበናል።

በቅድሚያ ስለ እንስሳው። እዚያ ተራራ ላይ የሚታደነው ጆሮው እንደ በቅሎ ጆሮ ትልቅ የሆነው «ሙል ዲር» ነው። ቀንዱን በየዓመቱ ጥሎ አዲስ ያበቅላል። የኛ የባሌው የደጋ አጋዘን ስሙ ቢመሳሰልም ዘሩ ሌላ ነው። ቀንዱን አይጥልም፣ ከኢትዮጵያ ውጪ አይገኝም፣ የመጥፋት አደጋም ተጋርጦበታል። ጽሑፋችን እሱን አይመለከትም።

🔹 ሕጉ ምን ይላል?

የኮሎራዶ መመሪያ ለአጋዘን አደን የሚከተሉትን ያስቀምጣል፦

👉 የጥይቱ ካሊበር ከ.24 ኢንች (6 ሚሊ ሜትር ገደማ) ማነስ የለበትም።
👉 አረሩ ቢያንስ 70 ግሬን (4.5 ግራም) የሚመዝን፣ ሥጋ ሲመታ የሚሰፋ ዓይነት መሆን አለበት።
👉 100 ያርድ (91 ሜትር) ላይ ሲደርስ ቢያንስ 1,000 ፉት ፓውንድ ጉልበት ሊኖረው ይገባል።

ስለዚህ ብዙ ሰው የሚይዘው ኤአር-15 የሚተኩሰው የ.223 ጥይት አይፈቀድም፤ ቀጭን ነው።

🔹 የትኛው ጥይት?

ለአጋዘን በብዛት የሚመረጡት እነዚህ ናቸው፦

▪️ .243 ዊንቸስተር፦ ትከሻ ላይ ቀላል ነው፣ ለጀማሪ ይመቻል። ግን አረሩ ቀላል ስለሆነ ርቀቱ ሲጨምር ጉልበቱ ቶሎ ይቀንሳል።
▪️ 6.5 ክሪድሙር፦ በ2007 የወጣ ነው። ትከሻ ብዙ አይመታም፣ ነፋስም በቀላሉ አይገፋውም።
▪️ .270 ዊንቸስተር፦ ከ1925 ጀምሮ ያለ፣ ተራራ ላይ የተመሰከረለት ጥይት ነው።
▪️ .308 እና .30-06፦ ጉልበታቸው ከበቂ በላይ ነው፣ ጥይታቸውም በቀላሉ ይገኛል። ትከሻን ግን ጠንከር አድርገው ይመታሉ።

«ማግነም» የሚባሉት ከነዚህም የሚበልጡ ጥይቶች አሉ። ለአጋዘን ግን የግድ አያስፈልጉም። ጠመንጃው ትከሻውን እንዳይመታው የሚፈራ ሰው ቃታ ሲስብ ዓይኑን ይጨፍናል፣ እጁም ይነቃነቃል። ያኔ አረሩ ልብና ሳንባ ላይ ማረፉ ቀርቶ ሆድ ወይም እግር ላይ ያርፋል። እንስሳው ወዲያው አይወድቅም፤ ሸሽቶ ገደል ውስጥ ለሰዓታት ተሠቃይቶ ይሞታል፣ ሥጋውም ለማንም ሳይሆን ይቀራል። ትልቅ ጥይት መጥፎ ተኩስን አያርምም።

ሌላው የአረሩ ሥሪት ነው። እርሳስ ያለበት አረር ሲመታ ሊበታተንና ጥቃቅን ስብርባሪው ሥጋው ውስጥ ሊቀር ይችላል። ሥጋው ለቤተሰብ የሚበላ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ከመዳብ የተሠራው ይመረጣል።

🔹 ጠመንጃውስ?

ለተራራ የሚመረጠው በየተኩሱ በእጅ የሚቀባበለው ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፣ ብርድና አቧራም ይችላል። ከነማነጣጠሪያ መነጽሩ 3.5 ኪሎ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ በጣም ከቀለለ ዳገት ላይ ያስደስታል፣ ሲተኮስ ግን ትከሻን ይበልጥ ይመታል።

🔹 ከፍታው ምን ይቀይራል?

አጋዘኑ ከ3,000 ሜትር በላይ ሊገኝ ይችላል። ይህ ከአዲስ አበባም በጣም ከፍ ያለ ቦታ ነው። አየሩ ስለሚሳሳ አረሩ ፍጥነቱን ቶሎ አያጣም፤ ስለዚህ ዝቅተኛ ቦታ ላይ የተስተካከለ ጠመንጃ በረጅም ርቀት ከታሰበው ትንሽ ከፍ ብሎ ይመታል። ሽቅብ ወይም ቁልቁል ሲተኮስም እንዲሁ ነው። እስከ 200 ሜትር ልዩነቱ ጥቂት ነው። ከዚያ በላይ ግን በተለይ የሸንተረር ነፋስ ሲጨመርበት ያስታል።

🔹 የራስን ገደብ ማወቅ

የአጋዘን ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ስፋቱ ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር፣ የሳህን ያህል ነው። ተኩስ ልምምድ ቦታ ላይ ተንበርክከው ወይም ተደግፈው 20 ሴንቲ ሜትር ክብ ላይ 5 ጥይት ይተኩሱ። አምስቱም የሚገቡበት የመጨረሻ ርቀት ገደብዎ እሱ ነው። 150 ሜትር ከሆነ፣ 300 ሜትር ላይ የቆመውን አጋዘን ማለፍ ወይም ቀስ ብሎ መቅረብ እንጂ መሞከር የለም።

⚠️ ከመግዛትዎ በፊት

👉 እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1949 ወዲህ የተወለደ ሁሉ ለፈቃዱ የአዳኝነት ትምህርት ማስረጃ ያስፈልገዋል።
👉 በጠመንጃ ሲታደን ደማቅ ብርቱካናማ ወይም ሮዝ ልብስና ቆብ ግዴታ ነው።
👉 ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጠመንጃ መግዛት ይችላል። በጊዜያዊ ቪዛ ያለ ግን የፌዴራል ሕግ ስለሚከለክለውና የተፈቀዱት ሁኔታዎች ውስን ስለሆኑ አስቀድሞ የሕግ ባለሙያ ያማክር።

መመሪያው ሊሻሻል ስለሚችል የዓመቱን ከግዛቱ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ይመልከቱ። ለሚመለከተው ወዳጅዎ ያጋሩ።