የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ ድርሰትና ሰው ሠራሽ አስተውሎት፦ የሚፈቀደውና የሚከለከለው

ወደ አሜሪካ ወይም ወደ እንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያመለክቱ ወጣቶችና ወላጆቻቸው ዛሬ አንድ ጥያቄ ያነሳሉ፦ የማመልከቻውን ድርሰት እንደ ቻትጂፒቲ ባሉ መሣሪያዎች ማስጻፍ ይቻላል? በዚህ ጽሑፍ ተቋማቱ ራሳቸው ያወጧቸውን ደንቦች በአጭሩ እናያለን።

ድርሰቱ ለምን ይጠየቃል?

በአገራችን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ በዋናነት በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ይወሰናል። ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች ግን ከውጤት በተጨማሪ ተማሪው ማን እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ። ከ1,000 በላይ ኮሌጆች የሚቀበሉት የጋራ ማመልከቻ «ኮመን አፕ» ከ250 እስከ 650 ቃላት ያለው ድርሰት ይጠይቃል። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ከስምንት ጥያቄዎች አራቱን አስመርጦ እያንዳንዱን በ350 ቃላት ውስጥ ያስመልሳል።

በፍርድ ቤትና በቀበሌ ደጃፍ ማመልከቻ ጽፈው የሚሰጡ ሰዎችን ለምደናል፤ ነውርም የለውም። የዩኒቨርሲቲው ድርሰት ግን እንደዚያ ያለ ማመልከቻ አይደለም። የሚመዘነው የጸሐፊው የራሱ ሐሳብና አነጋገር ነው።

ደንቦቹ ምን ይላሉ?

ኮመን አፕ፦ ከ2023 ጀምሮ የማጭበርበር ደንቡ ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በስም ይጠቅሳል። መሣሪያው ያመነጨውን ዋና ይዘት አውቆ የራስ ሥራ አስመስሎ ማቅረብ ማጭበርበር ነው። አመልካቹ ሲፈርም የሰጠው መረጃ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ቅበላው ሊሰረዝ፣ ከትምህርት ሊባረር፣ ዲግሪውም ሊነጠቅ እንደሚችል ይቀበላል።

ብራውን ዩኒቨርሲቲ፦ ጠበቅ ካሉት አንዱ ነው። የድርሰቱና የአጫጭር መልሶቹ ይዘት የአመልካቹ ሥራ ብቻ መሆን አለበት ይላል።

ካልቴክ፦ የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን ዘርዝሮ አስቀምጧል። ያለቀ ድርሰትን ሆሄና ሰዋስው ማስፈተሽ እንዲሁም ሐሳብ የሚቀሰቅሱ ጥያቄዎችን ማስወጣት ይፈቀዳል። ረቂቁን ወይም መዋቅሩን ማሠራትና ገልብጦ መለጠፍ ግን አይፈቀድም።

ጆርጂያ ቴክ፦ ላላ ያለ ነው። ለሐሳብ ማፍለቂያና ለማሻሻያ መጠቀምን ይቀበላል፤ ተማሪው ያልፈጠረውን ጽሑፍ ገልብጦ መለጠፍን ግን ይከለክላል።

ዩካስ፦ በእንግሊዝ የዩኒቨርሲቲ ማመልከቻዎችን የሚያስተናግደው ይህ ተቋም አመልካቹ የግል መግለጫው ከሌላ ምንጭ፣ ከሰው ሠራሽ አስተውሎትም ጭምር፣ እንዳልተቀዳ እንዲያረጋግጥ ያደርጋል።

የአንዱ ፈቃድ ለሌላው አይሠራም። ደንቦቹም ስለሚሻሻሉ ከማስገባት በፊት የየዩኒቨርሲቲውን ገጽ ማንበብ ያስፈልጋል።

የትርጉም ጉዳይ

የእኛ ልጆች ብዙም የማያስተውሉት አንድ ነጥብ አለ። ሐሳቡን በአማርኛ ጽፎ በመሣሪያ ወደ እንግሊዝኛ ማስተርጎም ብዙዎች እንደ ማጭበርበር አያዩትም፤ «ሐሳቡ የራሴ ነው» ይላሉ። ካልቴክ ግን በሌላ ቋንቋ የተጻፈን ድርሰት በመሣሪያ ማስተርጎምን ተገቢ ካልሆኑት ውስጥ መድቦታል። በአማርኛ ማሰብና ማስታወሻ መያዝ ምንም ችግር የለውም። እንግሊዝኛውን ግን ተማሪው ራሱ ይጻፈው፤ ቀለል ያለ ቢሆንም የራሱ ይሆናል።

ያለ ጥፋት መጠርጠር

በ2023 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት መመርመሪያዎችን በ91 የቶፍል ድርሰቶች ፈትነው ነበር። ድርሰቶቹን የጻፉት እንግሊዝኛ የአፍ መፍቻቸው ያልሆነ ሰዎች ሲሆኑ፣ መመርመሪያዎቹ በአማካይ ከግማሽ በላዩን «የማሽን ሥራ ነው» ብለው ፈርጀዋል። ኦፕንኤአይም በዚያው ዓመት ሐምሌ የራሱን መመርመሪያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ በመሆኑ አንስቶታል።

ስለዚህ በሐቅ የጻፈ ተማሪም ሊጠረጠር ይችላል። መከላከያው ማስረጃ ነው፦

1. ድርሰቱን የለውጥ ታሪክ በሚያስቀምጥ መሣሪያ፣ ለምሳሌ በጉግል ዶክስ፣ መጻፍ።
2. የመጀመሪያውን ማስታወሻና ረቂቆቹን አለመጣል።
3. እርማት የሰጠውን መምህር ወይም ዘመድ አስተያየት መያዝ።
4. ስለጻፉት ነገር በቃል ለመጠየቅ ዝግጁ መሆን።

ለወላጆችና ለመምህራን

በመምህርነት ዘመናችን ያየነው አንድ ነገር አለ፤ ተማሪ ድርሰት የሚያስጽፈው ብዙ ጊዜ የሚናገረው ያጣ ሲመስለው ነው። በረመዳን ሱቅ ውስጥ አባቱን እያገዘ ለፈተና ያጠና ልጅ፣ ወይም ከመድረሳ ስትመለስ ታናናሾቿን የምታስጠና ልጅ፣ ማንም መሣሪያ የማያውቀው ታሪክ አላቸው። ቁጭ ብሎ መጠየቅና ማዳመጥ ከሁሉ የሚበልጥ እገዛ ነው።

ጥርጣሬ ሲገባን ካልቴክ ያቀረበውን መለኪያ እንጠቀም፦ ይህንኑ ሥራ የምናምነው አዋቂ ሰው ቢሠራልን ተገቢ ይሆን ነበር? መምህር ሆሄ ቢያርም ተገቢ ነው፤ ድርሰቱን ቢጽፍልን ግን አይደለም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ እጃቸውን ወደ እህል ክምር ሲያስገቡ ከሥሩ እርጥብ ማግኘታቸውንና ነጋዴውን እርጥቡን ለምን ከላይ አድርጎ እንዳላሳየ መጠየቃቸውን እናውቃለን። የማመልከቻ ድርሰትም አማና ነው፤ ከላይ የሚታየውና ከሥር ያለው አንድ ይሁን። አላህ ለተማሪዎቻችን ያግራላቸው።