አመንጪ እንጂ ምንጭ ያልሆነው

በየዩኒቨርሲቲው ግቢ «ቻትጂፒቲ» የሚለው ስም ከዘሩ ስም ቀድሞ ገብቷል። የዘሩ ስም «ጄኔሬቲቭ ኤአይ» ነው። «ኤአይ»ን ብዙዎች «ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ማለትን ለምደዋል፤ «ጄኔሬቲቭ» የሚለውን «አመንጪ» ብንለው ሙሉ ስሙ «አመንጪ ሰው ሠራሽ አስተውሎት» ይሆናል። «ፈጣሪ» ማለትም ይቻል ነበር፤ ግን ያ ቃል በእኛ ዘንድ ባለቤት አለው።

አመንጪ የሚያሰኘው ሥራው ነው። የተለመደው የጎግል ፍለጋ የተጻፈውን ፈልጎ ያቀርባል። አመንጪው ግን ቃል ከቃል እንዴት እንደሚከታተል ከእጅግ ብዙ ጽሑፍ ተምሮ፣ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችለውን እየገመተ አዲስ ጽሑፍ ያወጣል። ግምቱ ብዙ ጊዜ ይሰምራል። ሲስትም ድምፁ አይለወጥም፤ እንደ እርግጠኛ ሰው ነው የሚናገረው።

«አመንጪ» እና «ምንጭ» ከአንድ ሥር የወጡ ቃላት ናቸው፤ ተማሪውም የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። ለተርም ፔፐር ዋቢ እንዲሰጠው አመንጪውን ሲጠይቀው፣ የጸሐፊ ስም፣ የጆርናል ስም፣ ዓመትና ገጽ አሟልቶ ጭራሽ ያልተጻፈ ጥናት ሊያቀርብለት ይችላል። ተማሪ ብቻም አይደለም የተታለለው። በሰኔ 2015 ዓ.ም. ኒው ዮርክ ውስጥ ሁለት ጠበቆች ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የሌሉ የፍርድ ውሳኔዎች ለፌዴራል ፍርድ ቤት በማቅረባቸው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ዛሬ ኢንተርኔት ፈትሸው የሚመልሱ አመንጪዎች አሉ፤ ቢሆንም የጠቀሱት ገጽ በእርግጥ ያንን ማለቱን ከፍቶ ማየት የተማሪው ፈንታ ነው።

ይከልከል ከሚሉት ወገን አይደለሁም። በእንግሊዝኛ የከበደን ምዕራፍ በቀላል ቋንቋ እንዲያስረዳ፣ ለፈተና ጥያቄ እያወጣ እንዲያፋጥጥ፣ የራስን ረቂቅ እንዲተች ማድረግ ከጎበዝ የዶርም ጓደኛ ጋር ማጥናት ማለት ነው። አሳይመንቱን ራሱን ማስጻፍ ግን ያው የምናውቀው ኩረጃ ነው። መለያው መናገር ነው፦ የትኛውን መሣሪያ፣ ለምን ተግባር እንደተጠቀሙ በሥራው መጨረሻ በሁለት መስመር መጻፍ። ያንን ለመጻፍ የሚያሳፍር ከሆነ አጠቃቀሙ ልክ አልነበረም።

መምህራንም የሚፈቀደውንና የማይፈቀደውን በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ይንገሩ። «ይህን ማሽን ጽፎታል» የሚል መመርመሪያ ላይ መተማመን አያዋጣም፤ የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ ራሱ፣ የሠራውን መመርመሪያ ትክክለኛነቱ ዝቅተኛ ነው ብሎ በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ዘግቶታል።

በዚያው ሐምሌ አገር አቀፉ የመውጫ ፈተና ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች ተጀመረ። ወደ ፈተናው አዳራሽ አመንጪው አይገባም፤ ተማሪው የሚገባው ራሱ የተማረውን ይዞ ነው።