የሀቫና ሌሊት የማን ነበር?

ኩባ ስትነሳ ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን በ1970 ዓ.ም. በኦጋዴን ከጎናችን ተሰልፎ የተዋጋው ወታደር ነው፤ ከዚያም ወደ ደሴቲቱ ተልከው የተማሩት በሺዎች የሚቆጠሩ ልጆቻችን። ዛሬ የማነሳው ግን የዋና ከተማዋን የሀቫናን ምግብ ቤትና ጭፈራ ቤት ነው። ርዕሱ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ በዚያች ከተማ ባለፉት መቶ ዓመታት ማን ምግብ ቤት እንደከፈተ፣ ማን እንደዘጋ፣ ማን ገብቶ እንደበላ የተከታተለ ሰው የአገሪቱን ፖለቲካ ያውቃል። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ከጎረቤት ነው። አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 የአልኮል መጠጥ እንዳይሸጥ በሕግ ከለከለች። ሀቫና ደግሞ ከፍሎሪዳ ደቡባዊ ጫፍ 200 ኪሎ ሜትር እንኳ አትርቅም። የጠማው አሜሪካዊ በመርከብ እየተሻገረ ቡና ቤቶቿን ሞላ። እገዳው ሲነሳም ልማዱ አልቀረም። በ1939 ማብቂያ ትሮፒካና የተባለው ዝነኛ ጭፈራ ቤት ተከፈተ። በዲሴምበር 1946 ደግሞ የአሜሪካ ማፊያ አለቆች በሆቴል ናሲዮናል ተሰብስበው መከሩ።

በማርች 1952 ፉልጄንሲዮ ባቲስታ በመፈንቅለ መንግሥት ሥልጣን ያዘ። መንግሥቱ በ1955 ባወጣው ሕግ ሆቴል ለመሥራት 1 ሚሊዮን ዶላር፣ ወይም ጭፈራ ቤት ለመክፈት 200,000 ዶላር ያፈሰሰ ሁሉ የቁማር ቤት ፈቃድ እንዲያገኝ ደነገገ። የግብር እፎይታም ተጨመረበት። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ አጥብቆ የሚጠይቅ አልነበረም። በዲሴምበር 1957 የማፊያው ሰው ማየር ላንስኪ ባለ 21 ፎቁን ሆቴል ሪቪዬራ ከባሕሩ ዳር አስመረቀ። ከተማዋ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ቀን ታበራ ነበር።

ከከተማው ወጣ ሲሉስ? በ1953ቱ ቆጠራ መሠረት ከገጠር ቤቶች መካከል የኤሌክትሪክ መብራት የነበራቸው ከ10 አንድ እንኳ አይሞሉም። የሸንኮራ አገዳ ቆራጩ በዓመት ጥቂት ወር ሠርቶ የቀረውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ያሳልፍ ነበር። ጥቁር ኩባውያንን በራቸው ላይ የሚመልሱ ክበቦችም ነበሩ። ሀቫና ያበራችው ለእንግዳ ነበር።

በጃንዋሪ 1 ቀን 1959 ንጋት ላይ ባቲስታ በአውሮፕላን ሸሸ። ሕዝቡ ወደ አደባባይ ሲወጣ ካዚኖዎችን ሰበረ፤ የቁማር ማሽኖችን ጎትቶ አውጥቶ መንገድ ላይ ከሰከሰ። አዲሱ መንግሥትም ቁማር ቤቶቹን ዘጋ።

ብዙ ጊዜ የማይነገረው ታሪክ ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። አስተናጋጁ፣ ወጥ ቤቱ፣ ሙዚቀኛውና ካርታ አከፋፋዩ «እንጀራችንስ?» ብለው ተነሱ። አብዮቱን ደግፈዋል፤ ማፊያውም እንዲመለስ አልፈለጉም። ነገር ግን ልጆቻቸውን የሚያበሉት በዚያው ሌሊት በሚያገኙት ገንዘብ ነበር። በዚህ ግፊት በፌብሩዋሪ ካዚኖዎቹ በቁጥጥር ሥር እንደገና ተከፈቱ። ዕድሜያቸው ግን አጭር ሆነ፤ በ1960 ትላልቆቹ ሆቴሎች ተወረሱ፣ ቁማርም ብዙ ሳይቆይ ጨርሶ ቀረ። እንደ እኔ አስተያየት ያች የጥቂት ሳምንታት ክርክር ከሁሉም የበለጠ ታስተምራለች። ለባለሀብቱ ትርፍ፣ ለአብዮተኛው ነውር የሆነው ሌሊት ለአሳላፊው ደመወዝ ነበር።

መንግሥት ይህን ትምህርት አልያዘውም። በማርች 1968 ፊደል ካስትሮ «አብዮታዊ ማጥቃት» የተባለውን ዘመቻ አወጀ። ከ55,000 በላይ ጥቃቅን የግል ንግዶች ተወረሱ። ቡና ቤት፣ ሱቅ፣ ጫማ መጠገኛ፣ መንገድ ዳር ምግብ የሚሸጥበት ጋሪ ሳይቀር። ላንስኪ ከሄደ ዓመታት አልፈዋል፤ የዚህኛው ዱላ ያረፈው በጋሪ ገፊው ላይ ነበር።

ሶቪየት ኅብረት ስትፈርስ የኩባ ኢኮኖሚ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሲሶውን ያህል አጣ። ዳቦም መብራትም ጠፋ። በ1993 መንግሥት በግል መሥራትን በከፊል ሲፈቅድ ሰዎች ሳሎናቸውን ምግብ ቤት አደረጉት። ስሙንም «ፓላዳር» አሉት፤ የተወሰደው በቴሌቪዥን ይታይ ከነበረ የብራዚል ተከታታይ ድራማ ነው። በድራማው ውስጥ አንዲት ሴት ምግብ ሸጣ ራሷን ታወጣለች። መንግሥት ግን ገደብ አበጀ፦ ከ12 ወንበር በላይ አይፈቀድም፣ ሠራተኛው የቤተሰብ አባል ይሁን፣ ሎብስተርና የበሬ ሥጋ አይቅረብ። አንድ መንግሥት በዜጋው ሳሎን ውስጥ ገብቶ ወንበር ሲቆጥር ምን ያህል እንደፈራ ይታወቃል።

ከ2011 ወዲህ ወንበሩ ወደ 50 አደገ። በ2014 አሮጌ የዘይት ፋብሪካ ወደ ሥነ ጥበብና ሙዚቃ ማዕከልነት ተለውጦ ወጣቱን በሌሊት ይስብ ጀመር። በማርች 2016 ሀቫናን የጎበኙት ባራክ ኦባማ ከቤተሰባቸው ጋር እራት የበሉት በአንድ ፓላዳር ነው። በ2021 ደግሞ አነስተኛና መካከለኛ የግል ኩባንያዎች በሕግ ተፈቀዱ።

ይሁን እንጂ በኦክቶበር 2024 የአገሪቱ የኤሌክትሪክ መረብ ሙሉ በሙሉ ወድቆ ደሴቲቱ ጨለመች። እንዲህ ባለው ሌሊት የሚያበራው ጄኔሬተርና ነዳጅ መግዛት የቻለ ቤት ነው። እዚያ ገብቶ የሚበላውም ዶላር ያለው፣ ወይም ውጭ አገር ዘመድ ያለው ነው። ከመንገዱ ማዶ ያለው ጡረተኛ በሻማ ይቀመጣል።

ባቲስታ ሌሊቱን ለውጭ ሰው ሸጠው፤ ካስትሮ በ1968 አጠፋው። ሁለቱም ከተማውን ከላይ ሆነው ስላዩት ሳህን ተሸካሚው አልታያቸውም። አዲስ ምግብ ቤት ሲመረቅ ሪባኑንና መብራቱን ማየት አይከፋም። ጥያቄው ግን ሌላ ነው፦ እዚያ የሚሠራው ሰው በደመወዙ እዚያ መብላት ይችላል ወይ? ወደ ቤቱ ሲመለስስ መብራት ይጠብቀዋል ወይ? ሀቫና በመቶ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሌሊቷን ቀየረች፤ ለዚህ ጥያቄ ግን እስካሁን «አዎ» ብላ አልመለሰችም።