የከተማ ግብር እና የሕዝብ ፈቃድ በአገው ምድር

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ የሚያመራው አውራ ጎዳና ዳንግላን አልፎ ቆሰበር ሲደርስ አንድ ቅርንጫፍ ወደ ምዕራብ ያወጣል፤ ይህም ቅርንጫፍ በቻግኒ በኩል ወደ መተከልና ወደ ጉባ በረሓ የሚወርድ በመሆኑ፣ ዛሬ በመዝገብ ስሟ እንጅባራ የምትባለውና የአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ የሆነችው ይህች ብርዳም ከተማ የደጋው ድንችና ገብስ፣ ቀርከሃና ከሰል ከቆላው ምርት ጋር የሚገናኙባት ሥፍራ ሆና ትኖራለች። ገበያ ባለበት ከተማ ሁሉ እንደሚደረገው፣ ከብት ገዝቶ የሚነዳ ሰው ከገበያው በር ሲደርስ የማዘጋጃ ቤቱ ገንዘብ ተቀባይ ኮቴ ያስከፍለውና ቁጥርና ማኅተም ያለባትን ቁራጭ ደረሰኝ ይሰጠዋል፤ ሰውየውም ደረሰኟን አጥፎ በጋቢው ጫፍ ይቋጥራታል፣ በመንገድ ቢጠየቅ ያሳይ ዘንድ። ከዚያች ወረቀት፣ ከመደብ ኪራይ፣ ከቄራና ከንግድ ፈቃድ የተሰበሰበው ሳንቲም ተጠራቅሞ ቦይ ይቆፈርበታል፣ ቆሻሻ ይነሣበታል፣ የመንገድ መብራት ይበራበታል። ይህች ደረሰኝ ብዙ ዘመን የተሻገረ ታሪክ አላት፤ እኔም በዚህ ጽሑፍ ልመረምር የወደድሁት ክፍያውን በየዘመኑ ማን እንደ ወሰነውና ከፋዩ ሕዝብ መቼ እንደ ተጠየቀ ነው።

በቀድሞው ሥርዐት በጎጃም ምድር ግብር ለገዥ የሚገባ እንጂ ለከተማ የሚውል አልነበረም። በየንግድ መስመሩ የቆመው ኬላ ከበቅሎ ጭነትና ከአሞሌ ጨው ድርሻውን ይወስዳል፤ ገበሬው አሥራቱን ይሰፍራል፤ ከዚህም በላይ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት በ1924 ዓ.ም. ከሹመታቸው እስኪነሡ ድረስ በሕዝቡ ላይ የጣሉት ልዩ ልዩ ቀረጥ ብዛቱ በጎጃም ሽማግሎች ዘንድ ሲነገር የኖረ ነው። ሕዝቡ ለጋራ የሚያስፈልገውን ግን በሌላ መንገድ ያሟላ ነበር። የደብሩ ጣሪያ ሲያፈስ ምእመናን በጉባኤ ተመካክረው ሣሩን በደቦ ያመጣሉ፣ እንጨቱን በየድርሻቸው ያቆማሉ፣ ካህናቱም ስሙን በመዝገብ ይጽፋሉ። የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበርም በ1932 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ የሚነገርለት፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የዓድዋ ፈረሶችን መታሰቢያ የሚያከብረው፣ ራሱ በመረጣቸው አለቆች እየተመራ አባሉን የሚረዳና ጠብ የሚያስታርቅ ጉባኤ ነው። እንግዲህ በዚህ አገር ሰው ተመካክሮ መዋጮ መጣልና የተዋጣውንም መቈጣጠር የማንንም አዋጅ ሳይጠብቅ ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ከጠላት ወረራ በኋላ በነጋሪት ጋዜጣ የወጡት ሕጎች ሁለት ልዩ ልዩ መንገድ ከፈቱ። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር አዋጅ መሬቱን ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ ከፍሎ ሲተምን፣ ጎጃም ከበጌምድርና ከትግራይ ጋር በቀድሞው ልማድ እንዲከፍል ተተወ፤ የርስት አገር መሬቱን ለመለካት እምቢ ማለቱን መንግሥት ያን ጊዜም ያውቅ ነበርና። በዚያው ዓመት ደግሞ የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ወጥቶ፣ አዲስ አበባና ጎንደር በከንቲባ ሲተዳደሩ ሌሎቹ ከተሞች በሹም የሚመሩ ማዘጋጃ ቤቶች እንዲሆኑና ከቤት፣ ከቦታ፣ ከንግድና ከገበያ ገንዘብ እየሰበሰቡ አገልግሎት እንዲሰጡ ሥልጣን ተሰጣቸው። ጥቂት ቆይቶ፣ በ1940 ዓ.ም.፣ በመሬት ላይ የትምህርት ግብር ተጨመረ፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያም የጤና ግብር ተከተለው። በእኔ አስተያየት የትምህርት ግብሩ ከሌሎቹ ሁሉ የተሻለ አሳብ ነበረው፤ ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ በስሙ ይታወቃልና፣ አባትም ልጁን የሚያስተምርበትን ቤት በዓይኑ ሊያይ ይችላልና። ነገር ግን የአውራጃው ገበሬ ልጁን ለማስተማር ሩቅ መንገድ መላክ ሲኖርበት፣ የሚከፍለው ግብርና የሚያገኘው አገልግሎት በልቡ ሳይገናኙለት ኖረ።

የ1960 ዓ.ም. ነገር ዘርዘር ተደርጎ ሊነገር ይገባዋል። በዚያ ዓመት የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ አሥራትን ሽሮ በእርሻ ምርት ገቢ ላይ ግብር የሚጥል ሲሆን፣ በወረቀት ላይ ለሚያነበው ሰው ከቀድሞው የቀና ሕግ ነበር፤ ገቢው ያነሰ ያነሰ እንዲከፍል፣ የበዛለትም ከፍ አድርጎ እንዲሰጥ ያዝዛልና። በፓርላማም ክርክር ተደርጎበት፣ ሕዝብ የመረጣቸው እንደራሴዎች በተቀመጡበት ምክር ቤት አልፎ የወጣ ነው። ሆኖም ገማቾቹ ወደ ጎጃም መንደሮች ሲወጡ የሞጣና የብቸና ገበሬ ያየው ሌላ ነገር ነበር፤ ይኸውም እንግዳ ሰው በርስቱ ላይ ቆሞ ሰብሉን ሲቈጥር፣ በዓይኑም መሬቱን ሲለካ ነው። በሌላው ክፍለ ሀገር ቀላድ ከተጣለ በኋላ የሆነውን ሰምቷል፤ የተለካ ርስት የሚነጠቅ ርስት ነው ብሎም አምኗል። በዚህ ላይ የጠቅላይ ግዛቱ አስተዳደር በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ዘመን ልዩ ልዩ መዋጮ እየጨመረ ያስከፍል ስለ ነበረ፣ አዲሱ ግብር በቈሰለ ልብ ላይ ወደቀ። ሕዝቡ አቤቱታውን በሽማግሎች ልኮ ሰሚ ሲያጣ ጠመንጃውን አነሣ፤ መንግሥትም ጦር ሠራዊትና አውሮፕላን ላከ፤ ደም ፈሰሰ። በመጨረሻ አገረ ገዥው ተነሥተው ደጃዝማች ደረጀ መኰንን ተተኩ፣ የተጠራቀመውም ውዝፍ ግብር ተማረ፣ አዋጁም በጎጃም ሳይፈጸም ቀረ።

ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው ጎጃሜ ግብር ጠል ነው ብሎ ቢደመድም ፍርዱ የጎደለ ይሆናል። እነዚያው ገበሬዎች ደብራቸውን በገንዘባቸው ይሠሩ፣ ቀድሞም በልማድ የተወሰነውን ግብር ይከፍሉ ነበር። አዋጁ በአዲስ አበባ ሦስት ጊዜ ቢነበብም እንኳ በሞጣ ገበያ አንድ ጊዜ አልተመከረበትም፤ እንደራሴውም ወደ መረጠው ሕዝብ ተመልሶ «ይህን ላጽድቅ ወይስ ልቃወም?» የሚልበት ሥርዐት አልነበረም። በሌላ አገር በካርድ ሊነገር የሚችለው «አይሆንም» በጎጃም በጥይት የተነገረው፣ ካርዱ ስላልነበረ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲያደርግ የከተማ ገቢ ነገር ፈጽሞ ተለወጠ። የወር ኪራዩ እስከ መቶ ብር የሆነ ቤት ለከተማ ነዋሪዎች ማኅበር፣ ማለት ለቀበሌ፣ ተሰጠ፤ ከኪራዩም ቀበሌው የመንደሩን ሥራ እንዲሠራ ታዘዘ። አሳቡ ለሕዝብ ቅርብ ነበር፤ ተከራዩ የሚከፍለው ገንዘብ በዚያው በሰፈሩ እንዲውል ታስቧልና። በ1968 ዓ.ም. የቦታ ኪራይና የቤት ግብር አዋጅ ተጨመረ፤ ሰው እስከ ዛሬ ጣሪያና ግድግዳ እያለ የሚጠራው ክፍያ ከዚህ የወረደ ነው። ነገር ግን ኪራዩ ለዓመታት ባለበት ሲቆም ቤቶቹ አረጁ፣ የቀበሌውም ስብሰባ ከላይ የመጣ መመሪያ የሚነበብበት ሆኖ ቀረ።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ የአዊ ሕዝብ የራሱን የብሔረሰብ ምክር ቤት አገኘ፣ ቆሰበርም የዞኑ ከተማ ሆና ሰፋች፤ በ1996 ዓ.ም. ክልሉ የከተሞችን ማቋቋሚያ አዋጅ አውጥቶ ምክር ቤትና ከንቲባ ሰጣቸው። የከተሞች ዋና ገቢ ግን የመሬት ሊዝ እየሆነ ሄደ። ይህም እጅግ ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነው፤ መሬት አንድ ጊዜ ተሸንሽኖ ካለቀ በኋላ ቦዩን የሚጠርግበት፣ ኮብልስቶኑን የሚጠግንበት ዓመታዊ ገንዘብ ከወዴት ይመጣል? የጎደለውን የሚሞላው እንደ ጥንቱ መዋጮ ነው። የሰፈሩ ሰው ኮሚቴ መርጦ፣ በየቤቱ ተምኖ፣ የመብራት ምሰሶ ያስተክላል፣ መንገድ ያስጠርጋል፤ ደመወዝተኛውም ለሕዳሴው ግድብ የወር ደመወዙን በቦንድ ሰጥቶ፣ ሲሚንቶና ብረት የጫኑ መኪናዎች በቆሰበር አድርገው ወደ ጉባ ሲወርዱ አይቷል፤ ያም ሥራ ከ2003 እስከ 2017 ዓ.ም. ተሠርቶ ተመርቋል። ይሁንና በብዙ መሥሪያ ቤት የቦንዱ ገንዘብ ከደመወዝ ሲቈረጥ ስምምነቱ በስብሰባ እጅ በማውጣት ነበርና፣ በሰው ፊት እጁን ያላወጣ ሠራተኛ ምን ያህል ነፃነት እንደ ነበረው ልንጠይቅ ይገባናል።

በአሜሪካ በብዙ ከተማና አውራጃ ለትምህርት ቤት ወይም ለእሳት አደጋ መከላከያ አዲስ ግብር ሲታሰብ፣ ጥያቄው በምርጫ ቀን በካርዱ ላይ ይጻፍና ነዋሪው አዎን ወይም አይሆንም ይላል። ይህም የራሱ ጉዳት አለው፤ በካሊፎርኒያ ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በ1978 በድምፁ የቤትና የመሬት ግብርን ከዋጋው በመቶ አንድ ላይ ስለ ገደበው ከተሞችና ትምህርት ቤቶች ለብዙ ዓመት ተቸግረዋል። እኛ ደግሞ ሕዝበ ውሳኔን ፈጽሞ የማናውቅ አይደለንም፤ በ1979 ዓ.ም. ስለ ሕገ መንግሥት፣ በ2012 ዓ.ም. ሲዳማ ክልል ስለ መሆኑ፣ በ2014 ዓ.ም. ስለ ደቡብ ምዕራብ ክልል በካርድ ወስነናል። ስለ ቦይና ስለ መብራት፣ ስለ ትምህርት ቤት ጣሪያ ግን ካርድ ተሰጥቶን አያውቅም።

አሁን ጊዜው ደርሷል። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ክልሎች በከተማ ቤትና ቦታ ላይ በዋጋው መጠን ግብር እንዲጥሉ መሠረት ጥሏል፤ ግብሩም ለከተሞች የሚገባ ነውና ከሊዝ ጥገኝነት ሊያወጣቸው ይችላል። ስለዚህ የቆሰበር ምክር ቤት ተመኑን ከማጽደቁ በፊት፣ ገማቹ የየሰው ቤት ደጃፍ ከመርገጡም በፊት፣ የሚሰበሰበው ገንዘብ ለየትኛው ቦይ፣ ለየትኛው ትምህርት ቤት እንደሚውል በአዊኛና በአማርኛ ጽፎ በየቀበሌው ይለጥፈው፤ ነዋሪውም በስብሰባ እጅ ከማውጣት ይልቅ በምስጢር ድምፅ ይፍረድበት፤ ዓመቱ ሲያልቅ ደግሞ የወጣው ሒሳብ በዚያው ሰሌዳ ላይ ይለጠፍለት።