ስለ ሐኪም ረዳቶች ታሪክና በሽተኛን ስለ መጠበቅ

በሽታ ድኻና ባለጸጋ፥ ከተማና ባላገር ብሎ አይለይም፤ ሐኪም ግን በከተማ ይበዛል፥ በባላገር ያንሳል። ይህም ጕድለት የኢትዮጵያ ብቻ ሳይሆን የብዙ አገር ነው። ስለዚህ የሕዝባቸውን ጤና ያሰቡ መንግሥታት በሐኪሙና በበሽተኛው መካከል የሚቆም፥ ከሐኪሙ ጥበብ የተካፈለ ረዳት ማሰናዳት ግድ ሆነባቸው። የረዳቱ ስም በየአገሩ ልዩ ልዩ ነው፤ ጭንቁ ግን አንድ ነው፤ ይኸውም ብዙ መሥራት ይገባዋል፥ ሁሉን መሥራት ግን አይገባውም።

ይህን ነገር ካህናትና ምእመናን ከቤተ ክርስቲያን ሥርዓት በቶሎ ያስተውሉታል። ዲያቆን አይባርክም፥ አያናዝዝም፤ ነገር ግን ያለ ዲያቆን ቅዳሴ አይፈጸምም። ክብሩም የቄሱን ሥራ በመውሰድ አይደለም፥ የራሱን ሥራ በጊዜውና በልኩ በመፈጸም ነው እንጂ። የሐኪም ረዳት ታሪክም ሲመረመር የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ከዚህ በታች የተጻፈው ዓመት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው።

በመስኮብ አገር ፌልድሸር የሚባሉት ረዳቶች በታላቁ ጴጥሮስ ዘመን ከሠራዊቱ ጋራ እየዘመቱ ቍስለኛ ያክሙ ነበር። በ1864 ዜምስትቮ የሚባለው የአውራጃ አስተዳደር ከተቋቋመ በኋላ ግን ወደ ባላገሩ ወጥተው፥ ሐኪም በማይደርስበት መንደር ለገበሬው ሐኪም ሆኑ። ሊቃውንቱ ትምህርታቸው አነሰ ብለው ቢነቅፏቸውም፥ ብዙ ባላገር በሕመሙ ጊዜ ከእነርሱ በቀር ሌላ አላገኘም።

ወደ ኢትዮጵያም ከአድዋ ድል በኋላ በ1896 የመስኮብ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጥተው ቍስለኞችን አከሙ። ከኢትዮጵያውያንም ወገን ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ በ1868 በመቅደላ ጦርነት ጊዜ በሕፃንነታቸው በእንግሊዞች ተወስደው፥ በሕንድ አገር አድገው፥ ሐኪምነትን ተምረው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ነገር ግን የአንድ ሰው እጅ ለአገር ሁሉ አይዳረስም። ከ1936 እስከ 1941 የጠላት ወረራ ከተማሩት ብዙዎቹን ፈጀ። ነጻነት ከተመለሰ በኋላ በ1948 የሕዝብ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ቢቋቋምም፥ ኢትዮጵያዊ ሐኪም በጣት የሚቈጠር ነበር። በየሐኪም ቤቱ የበሽተኛው ብዛት የወደቀው ቍስል በሚያጥቡትና መርፌ በሚወጉት፥ ድሬሰር በሚባሉት ረዳቶች ላይ ነበር።

ስለዚህ በ1954 በጎንደር ከተማ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተከፈተ። የዓለም የጤና ድርጅት፥ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና የአሜሪካ መንግሥት ረዱት። በዚያም የጤና መኰንን፥ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ንጽሕናን የሚጠብቅ ሳኒታርያን ተማሩ። ሦስቱ በአንድነት በጤና ጣቢያ ተመድበው፥ መኰንኑ በሽተኛውን ሲመረምር፥ ነርሷ እናቶችንና ሕፃናትን ስትጠብቅ፥ ሳኒታርያኑ የምንጩንና የጕድጓዱን ንጽሕና ሲያይ፥ በሽታን በቤቱም በምንጩም እንዲከላከሉ ታሰበ። ነገሩም የሚያስፈልግ መሆኑ ወዲያው ታወቀ፤ በ1958 በደጋው ዳርቻ ሳይቀር የወባ መቅሠፍት ተነሥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደ ታመመ፥ 150,000 ያህልም እንደ ሞተ ይገመታልና። በአዲስ አበባ የሕክምና ፋኩልቲ የተከፈተው ግን በ1964 ነው፤ እንግዲህ የጤና መኰንኖች ትምህርት ከሐኪሞች ትምህርት 10 ዓመት ቀድሟል ማለት ነው።

በአሜሪካም አገር በ1965 ዶክተር ዩጂን ስቴድ በዱክ ዩኒቨርሲቲ 4 የባሕር ኃይል ሕክምና ረዳቶች የነበሩ ሰዎችን ተቀብለው ማስተማር ጀመሩ፤ ከእነርሱም 3ቱ በ1967 ተመረቁ። እነዚህ የሐኪም ረዳት ተብለው ከሐኪም ጋራ ተባብረው ይሠራሉ፤ የጎንደሩ መኰንን ግን ብዙ ጊዜ ብቻውን የጤና ጣቢያውን ይመራ ነበር። ሥልጣናቸው ቢለያይም በበሽተኛው ፊት የሚጠየቁት አንድ ነው።

ይህ ሥራ እንዴት ነው ቢባል፥ መጀመሪያው መስማት ነው። ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረ፥ ምን እንደሚያብሰው፥ ምን እንደሚያሻለው፥ ምን መድኃኒት እንደ ተወሰደ በትዕግሥት ይጠይቃል። ሁለተኛው በዐይን ማየት፥ ሦስተኛው በእጅ መዳሰስ፥ አራተኛው በጣት መትቶ ድምፁን መለየት፥ አምስተኛው በማዳመጫ ልብንና ሳንባን ማድመጥ ነው። ትኩሳት ሁሉ ወባ አይደለም፤ ትኩሳት ይዞት አንገቱ የደረቀ ሰው ማጅራት ገትር ይጠረጠርበታል።

ሳል የያዘው ሕፃንም በመጣ ጊዜ እናቱ እንደ ታቀፈችው፥ ሳያስለቅስ፥ ደረቱን ገልጦ አንድ ደቂቃ ሙሉ ትንፋሹን ይቈጥራል። ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት ያለው 50 ጊዜና ከዚያ በላይ፥ ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት ያለው 40 ጊዜና ከዚያ በላይ በደቂቃ ቢተነፍስ የሳንባ ምች ምልክት ነው። መጥባት ቢያቅተው፥ ራሱን ቢስት፥ ወይም ቢያንቀጠቅጠው ግን በዚያ ሊያቈየው አይገባም፤ የመጀመሪያውን መድኃኒት ሰጥቶ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሰዳል። የተላከውም በሽተኛ ባዶ እጁን አይሄድም፤ የታየበት ምልክት፥ የተሰጠው መድኃኒትና ሰዓቱ ተጽፎ ይያዝለታል።

እንግዲህ በዚህ ሥራ ሁለት ስሕተት አለ። አንደኛው ከልክ ማለፍ ነው፤ የማያውቀውን ዐውቃለሁ ብሎ በሽተኛውን በእጁ የሚያቈይ፥ ለስሙ ሲል ነፍስ ያጠፋል። ሁለተኛው ከልክ ማነስ ነው፤ ሊያደርገው የሚችለውን ፈርቶ ሁሉን ወደ ሩቅ ሆስፒታል የሚሰድድ፥ ድኻውን በመንገድ ያንከራትታል። ፊተኛው ትዕቢት ነው፥ ኋለኛው ስንፍና ነው፤ ለበሽተኛው ግን ሁለቱም ሞት ሊሆኑ ይችላሉ።

ወሰኑ በትምህርት ይሰፋል እንጂ በድፍረት አይሰፋም። የጤና መኰንኖች ትምህርት በ1970ዎቹ መጨረሻ ተቋርጦ፥ በ1990ዎቹ እንደ ገና ተጀመረ። በ2009 ደግሞ ከእነርሱ መካከል እየተመረጡ ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የሚማሩበት ሥርዓት ተከፈተ፤ ምጥ የጸናባት እናት ሐኪም ወዳለበት ከተማ ሳትደርስ እንዳትሞት፥ ሆዷን ከፍቶ ሕፃኑን የሚያወጣ የሠለጠነ እጅ በአውራጃዋ እንዲገኝላት ነው። ትናንት ከወሰን ማለፍ የነበረው፥ ተምረውት፥ ተፈትነውበት፥ ተፈቅዶላቸው ዛሬ ሥራቸው ሆነ።

ይህ ሁሉ ግን በሽተኛው ካልመጣ፥ መጥቶም እውነቱን ካልተናገረ አይጠቅምም፤ በሽታውን ለደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላልና። በዚህ ካህናት ድርሻ አላቸው፤ ንስሐ አባት ከሐኪም ቀድሞ የበሽተኛውን ቤት ይረግጣል። አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክም በ2007 ጠበልና መድኃኒት እንደማይጣሉ፥ የኤች አይ ቪ ሕሙማንም መድኃኒታቸውን እንዳይተዉ በይፋ ተናግረዋል። ስለዚህ፥ አንባቢ ሆይ፥ በጤና ጣቢያው የተቀመጠው ሰው «ይህ ከእኔ በላይ ነው፥ ወደ ሆስፒታል ሂድ» ያለህ እንደ ሆነ፥ አላዋቂ ነው ብለህ አትናቀው፤ የሥራውን ልክ ያወቀ ሰው ነውና፥ ሳትዘገይ የላከህ ሂድ።